ከክሮስ ሊንኪንግ በኋላ ክትትሉን የሚያበላሹ ስህተቶች

የታናሽ ወንድሜ ሕመም ኬራቶኮነስ ይባላል። የዓይን ፊተኛው መስታወት፣ ኮርኒያው፣ እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደ ፊት ይወጣል። አዲስ አበባ ክሮስ ሊንኪንግ ተሠራለት። የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ እየተደረገ ኮርኒያውን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማጠንከር ነው። ከዚያ በኋላ ደሴ ተቀምጠን ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

«ዳነ» ብሎ መቅረት። ሕክምናው የሚሠራው በሽታው እንዳይብስ ለማስቆም ነው። መነፅሩ ወይም ሌንሱ አይቀርም። መቆሙ የሚታወቀውም በየዓመቱ ሲለካ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወጪው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ግን በሽታው ሲመለስ አያምም፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚመጣው።

በመጀመሪያው ወር ተስፋ መቁረጥ። በዚያ ሰሞን እይታ ሊደበዝዝ፣ ልኬቱም ሊከፋ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ ይረጋጋል። እናቴ «አብሽር» ትለው የነበረው ልክ ነበር። ዓይኑ በድንገት ቢቀላና ቢያምም ግን «አብሽር» አይሠራም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ወረቀት ማዘበራረቅ። እኛን ያስቸገረን ይሄ ነው። አንድ ማታ የኮርኒያ ካርታዎቹን ምንጣፍ ላይ ዘረጋናቸው። የኮርኒያውን ቅርፅ በቀለም የሚያሳዩ፣ ቀይና ቢጫ ክብ ያለባቸው የልኬት ወረቀቶች ናቸው። ማሽኑ 2022 ብሎ አትሟል፤ ካርዱ ላይ ደግሞ ግንቦት 2014 ተጽፏል። ቀኑ አንድ ነው! አባታችን ግን የስምንት ዓመት ልዩነት መስሏቸው ለየብቻ አስቀምጠዋቸው ነበር። አሁን እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር እንጽፋለን። ከሕክምናው በፊት የተነሳውን ደግሞ በፍጹም አትጣሉ። የኋላው ሁሉ የሚመዘነው በእሱ ነው።

ሌንስ አድርጎ ከርሞ መለካት። ጠንካራው ሌንስ ኮርኒያውን ተጭኖ ቅርፁን ይለውጠዋል። ከስንት ቀን በፊት እንደሚወልቅ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ከተቻለም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ማሽን ይለካ። ሐኪሞች ኬማክስ የሚሉት፣ የሾጣጣው በጣም የቆመው ቦታ ልኬት፣ በዓመት በ1 ዳዮፕተር (የመነፅር ቁጥርም የሚለካበት መለኪያ ነው) ከጨመረ ያሳስባል። ማሽኑ ከተቀያየረ ግን ጭማሪው የዓይኑ ይሁን የማሽኑ አይለይም።

ዓይን ማሸት። ወንድሜ አለርጂ አለበት፤ የኮምቦልቻ አቧራ ደግሞ ያስነሳበታል። ማሸት ኮርኒያውን ይጎዳል፤ የአለርጂው ጠብታ አይቋረጥ።

ሌላኛውን ዓይን መርሳት። ኬራቶኮነስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይይዛል። የተሠራለት ቀኙ ነው። ግራውም በየቀጠሮው ይለካል፣ የራሱ ክላሰርም አለው።