ማክሮ ፋይናንስ እያጠኑ ለሚያስተምሩ የዶክትሬት ተማሪዎች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማክሮ ፋይናንስ የጠቅላላ ኢኮኖሚውንና የፋይናንስ ገበያውን ግንኙነት የሚያጠና ነው፤ ብዙ ሰው ከባዱ ሒሳቡ ይመስለዋል። ሒሳብስ ቁጭ ብለው ሲታገሉት ይለቃል። እኔን ዋጋ ያስከፈሉኝ ሌሎች ናቸው።

የዛሬን ዳታ ለትናንት ማዋስ። ከሁሉ የከፋው ይሄ ነው። የጥቅል የአገር ውስጥ ምርት አኃዝ መጀመሪያ ይወጣል፣ ከዚያ ይከለሳል፣ ከዓመታት በኋላም እንደገና ይከለሳል። አሁን የሚያወርዱት የተከለሰውን ነው። የያኔዎቹ ነጋዴዎችና የማዕከላዊ ባንክ ሰዎች ግን እሱን አላዩም። የኢኮኖሚ ተመራማሪው አትናሲዮስ ኦርፋኒደስ እ.ኤ.አ. በ2001 ይህንኑ አሳይቷል፤ የአሜሪካን የወለድ ውሳኔዎች በወቅቱ በነበረው ዳታ ሲመዝናቸው ሌላ መልክ ነበራቸው። የእኔ ሞዴል ገበያውን ቀድሞ ሲያውቅ ጊዜ ጮቤ ረግጬ ነበር። ለካ መልሱን ሰርቆ እያየ ነው! በጊዜው የወጣውን ዳታ ስተካበት ውጤቱ ብን ብሎ ጠፋ። የወራት ሥራ።

ወለድ ስለቀነሰ አክሲዮን ወረደ ማለት። ማዕከላዊ ባንክ ብዙ ጊዜ ወለድ የሚቀንሰው ኢኮኖሚው ሲታመም ነው፤ ያኔ አክሲዮንም ይወርዳል። ስለዚህ ብዙ አጥኚዎች የፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ውሳኔ ከመነገሩ 10 ደቂቃ በፊት እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ያለውን የዋጋ ለውጥ ብቻ ይወስዳሉ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ሌላ ትልቅ ዜና እምብዛም አይገባም። መደበኛ ስብሰባው ግን በዓመት 8 ጊዜ ብቻ ነው። ናሙናው ትንሽ መሆኑን አይደብቁ።

ተማሪን እንደ ፈታኝ ማየት። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ዳይመንድና ዲብቪግ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡትን፣ አስቀማጮች ተሻምተው ገንዘብ ሲያወጡ ባንክ እንዴት እንደሚወድቅ የሚያሳየውን ሞዴል በእኩልታ ከጀመሩት፣ ክፍሉ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስልኩ ላይ ነው። ይልቅ 20 ተማሪዎችን አስቀማጭ ያድርጓቸው። በካዝናው ያለው ለ8 ሰው ብቻ ይበቃል። ማን ያወጣል? አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል፤ ጤነኛው ባንክ ዓይናቸው እያየ ይወድቃል። እኩልታው ከዚያ ይምጣ። እኛ አንዴ ካወቅነው በኋላ ያላወቅንበትን ቀን እንረሳለን፤ ይህም የዛሬን ለትናንት ከማዋሱ የዳታ ስህተት ብዙም አይርቅም።

ጠዋትን ለስላይድ መስጠት። ስላይድ ቢሰጡት አይጠግብም። ጠዋት ለመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ፣ ከሰዓት ለማስተማሪያ ዝግጅቱ።

ውጤት ሲበላሽ ከአማካሪ መደበቅ። እኔ ያ ውጤት ከጠፋብኝ በኋላ ሁለት ወር ኮሪደሩን እየቀየርኩ ሄድኩ። በመጨረሻ አፍሬ ነገርኳት። ሠንጠረዦቹን ጎን ለጎን አድርጋ አየችና፣ «ታዲያ ለምን ጠፋ? ጥያቄህ እሱ ነዋ» አለችኝ። ሁለተኛው ምዕራፌ ከዚያ ወጣ።