ጳጉሜን 6 ለምን ጠፋች? (ተፈቷል)

ቱሉ ዲምቱ ላለ አንድ የግንባታ ዕቃ ሱቅ የሂሳብ ፕሮግራም እየሠራሁ ነው። የድሮውን ሽያጭ ሳስገባ የጳጉሜን 6፣ 2015 ደረሰኞች በሙሉ መስከረም 1፣ 2016 ላይ ሄደው ቁጭ። ጥፋቱ የፈረንጆቹን ቀን ወደ እኛ ከሚቀይረው ኦፕን ሶርስ ፓኬጅ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የሚገባ ዝግጁ ኮድ) ነው። ዓመቱ ለ4 ሲካፈል ቀሪው 0 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን አላት ይላል፣ እንደ ፈረንጆቹ። የኛ ግን ቀሪው 3 ሲሆን ነው፤ 2011፣ 2015፣ 2019 እያለ ይሄዳል። አንድ መስመር ቀየርኩ፣ ሠራ።

ከባዱ ማስተካከያውን ወደ ዋናው ፓኬጅ ማስገባቱ ነበር። ከነቴስቱ (መሥራቱን ከሚፈትሸው ኮድ ጋር) ፓኬጁን ለሚያስተዳድረው ሰውዬ ላክሁ፣ መልስ የለም። ገብቼ ሳየው ጥያቄው ተከምሯል፣ አንዱማ «ሥራችን ቆመ እኮ፣ ምን ነካህ!» ብሎ ይጮህበታል፤ ሰውዬው ደግሞ ብቻውን ነው፣ ሳንቲም የሚከፍለው የለም። (በፈረንጆቹ 2024 ኤክስዜድ በሚባለው ኦፕን ሶርስ የፋይል መጭመቂያ ውስጥ የተገኘው የተንኮል ኮድ የገባው እንዲህ የደከመን ሰው «ላግዝህ» ብሎ በተጠጋ እጅ ነው።) ስለዚህ ከመነዝነዝ ይልቅ ማታ ማታ፣ መብራት ሲኖር፣ ተደጋጋሚ ጥያቄዎችን እየለየሁ፣ ችግሩ እንዴት እንደሚፈጠር እየጻፍኩ አቀለልኩለት። ከዚያ የኔንም አይቶ አስገባው።

ፓኬጁን አዘምኑና ሴፕቴምበር 11፣ 2023ን ሞክሩ። ጳጉሜን 6 ካላላችሁ አሮጌው ላይ ናችሁ።