አሜሪካ ገብታችሁ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ሐኪም መሆን ላማራችሁ

በ34 ዓመቴ የሒሳብ ሥራዬን ትቼ ሕክምና ልማር ስል፣ ዘመድ ሁሉ «ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለኝ። ይፈጃል። የሳይንስ ኮርሶቹ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ሜዲካል ስኩል 4፣ ከዚያ ሪዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ የሚሰለጥኑበት ጊዜ፣ እንደየዘርፉ ከ3 እስከ 7 ዓመት። ሪዚደንሲ ላይ ግን ደሞዝ አለ። የዕድሜ ጣሪያም የለም።

ከአገር ቤት የመጣው ዲግሪ ብዙም አያሳጥረውም። አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች አሜሪካ ውስጥ የተወሰደ ክሬዲት ይፈልጋሉ፤ ሙሉ ባችለር የሚጠይቁም አሉ። ለትራንስክሪፕት ግምገማ ከመክፈላችሁ በፊት የምታስቡትን ትምህርት ቤት መስፈርት አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፤ እኔን የጎዳኝ ችኮላ ነው። በገባሁ በአምስተኛው ወር ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ኬሚስትሪ ተመዘገብኩ። ሌሊት ፓርኪንግ እሠራለሁ። በዚያች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ፔሪዮዲክ ቴብሉን ከገንዘብ መሳቢያው በላይ ለጥፌ አጠናለሁ። መኪና በመጣ ቁጥር የጀመርኩት ስሌት ይጠፋብኛል። ጠዋት ላቦራቶሪ ውስጥ መነጽሩን እንዳጠለቅኩ እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ። ዲ አመጣሁ።

ደግሜ ወሰድኩትና ኤ አገኘሁ፤ ተገላገልኩ ብዬ። ኮሌጁ አሮጌውን ውጤት በአዲሱ ተካልኝ። አብዛኞቹ ሜዲካል ስኩሎች ማመልከቻ የሚቀበሉበት አምካስ ግን ሁለቱንም ይደምራል። ይህን ያወቅኩት ማመልከቻውን ስሞላ ነው፤ ወይ ነዶ!

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሴሚስተር አቅልሉት። እንግሊዝኛ ወይም ስታቲስቲክስ፣ አንድ ኮርስ ይበቃል። ከከበዳችሁ የማቋረጫው ቀን ሳያልፍ ውጡ። ኮርስ ላቋረጠ የሚሰጠው ደብሊው (W) ትራንስክሪፕት ላይ ይታያል እንጂ ነጥብ አይቀንስም። የመንግሥት እርዳታ የምትወስዱ ከሆነ ግን መጀመሪያ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን ጠይቁ።

ሥራም ቀይሩ። ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳትነት፣ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ነው፤ ከበሽተኛ ጋር ያገናኛችኋል። ማመልከቻው ላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው። እኔ አልጋ ማንጠፍና ሽማግሌ ማጠብ መጀመሪያ አፍሬበት ነበር፤ አሁን ይገርመኛል።

ኤምካት የሚባለው የሜዲካል ስኩል መግቢያ ፈተና ከነእረፍቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ገቢያችሁ ዝቅተኛ ከሆነ ለፈተናው ከመመዝገባችሁ በፊት የክፍያ ቅናሽ አመልክቱ፤ ቅናሹ አስቀድሞ ለተከፈለ ምዝገባ አይሠራም።

ቃለ መጠይቅ ላይ አንዷ ሐኪም ገጹን ገለጥ አድርጋ «ይቺ ዲ ምንድን ናት?» አለችኝ። ስለ መስታወቷ ሳጥን ነገርኳት።