ኳሳር ድንገት ሲደምቅ የኢንፍራሬዱንና የራዲዮውን መረጃ እንዴት እናስተያይ?

ኳሳር፣ ማለትም በግዙፍ ብላክ ሆል ዙሪያ የሚያበራ የሩቅ ጋላክሲ እምብርት፣ አንዳንዴ ድንገት ይደምቃል። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው የኢንፍራሬዱንና የራዲዮውን መረጃ ቀን በቀን አስተያይቶ "አይገናኙም" ብሎ ሲተወው ነው። ይገናኛሉ እኮ! ራዲዮው ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ለመነሻ 3ሲ 273ን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1963 ማርተን ሽሚት ርቀቱን የደረሰበት ኳሳር ነው፤ ለአስርት ዓመታት ስለተከታተሉት መረጃው ሞልቷል። ለራዲዮው የፊንላንዱ ሜትሳሆቪ ቴሌስኮፕ በ37 ጊጋኸርዝ፣ የካሊፎርኒያው ኦወንስ ቫሊ ቴሌስኮፕ በ15 ጊጋኸርዝ የለኩትን ፈልጉ። ለኢንፍራሬዱ እስከ 2024 የሠራው የኒኦዋይዝ ሳተላይት መረጃ በነጻ አለ፤ ግን ተጠንቀቁ፣ አንዱን ቦታ ያየው የነበረው በ6 ወር አንዴ ገደማ ስለሆነ በመሀል ለሳምንታት ደምቆ የከሰመ ነገር ጨርሶ ያመልጣችኋል። ከምድር ቴሌስኮፕ በኬ ባንድ (በ2.2 ማይክሮሜትር ገደማ ባለው የኢንፍራሬድ ክልል) የተለካ ካገኛችሁ እሱን አስቀድሙ።

መለኪያውን አንድ አድርጉ። ኢንፍራሬዱ ብዙ ጊዜ በማግኒቲዩድ (በከዋክብት የድምቀት መለኪያ)፣ ራዲዮው በጃንስኪ (በሚደርሰን ጨረር ጥንካሬ መለኪያ) ነው የሚሰጠው። በኬ ባንድ ዜሮ ማግኒቲዩድ 667 ጃንስኪ ገደማ ነው፤ ቁጥሩ በ5 ሲጨምር ብርሃኑ 100 እጥፍ ያንሳል።

አሁን ሁለቱን ግራፎች ከላይና ከታች ሳሉ። ከዚያ ጉብታዎቹ እስኪገጥሙ ድረስ የራዲዮውን ቀስ እያላችሁ ወደ ግራ ግፉት። የገፋችሁት የቀን ብዛት መዘግየቱ ነው። አንድ ጉብታ ስለገጠመ ብቻ ግን አትመኑት፤ በአጋጣሚም ይገጥማል፣ ሦስት አራቱን ሞክሩ።

ለምን ይዘገያል? ከብላክ ሆሉ አጠገብ በሚወረወረው ጄት (ጠባብና እጅግ ፈጣን የቁስ ፍሰት) ውስጥ የግፊት ማዕበል ሲነሳ ኤሌክትሮኖቹ ያበራሉ። ኢንፍራሬዱ ወዲያው ያመልጣል፤ ራዲዮውን ግን ያው ጄት ራሱ መልሶ ይውጠዋል። የደመቀው ክፍል እየራቀና እየሰፋ ሲሄድ ነው የሚሳሳው፤ መጀመሪያ የ37 ጊጋኸርዙን ያሳልፋል፣ ቆይቶ የ15ቱን። ለዚህ ነው የኢንፍራሬዱ ጉብታ ሹል፣ የራዲዮው ደግሞ ዝግ ያለና ሰፊ የሚሆነው። 15ቱ ከ37ቱ ከቀደመባችሁ ለመደሰት አትቸኩሉ፤ ምናልባት የያዛችሁት የቀድሞውን ድምቀት ጭራ ነው።

ከኢንፍራሬዱ ከፊሉ ደግሞ የጋለ አቧራ ነው። አቧራው ሰፊ ቦታ ስለያዘ ቶሎ አይለዋወጥም። በጥቂት ቀናት እጥፍ የሆነ ድምቀት የጄቱ ነው።

ያገኛችሁትን የቀን ብዛት 1 ሲደመር የኳሳሩ ቀይ ሽግሽግ (ጽንፈ ዓለሙ ሲሰፋ የብርሃኑ ሞገድ የረዘመበት መጠን፤ መዘግየቱንም እንዲሁ ያረዝመዋል) ለሚሰጠው ቁጥር አካፍሉ። ለ3ሲ 273 ይህ 1.158 ነው፤ እኛ 100 ቀን ያልነው መዘግየት እዚያ 86 ቀን ገደማ ነው።