ከመሄዷ በፊትም ከተመለሰችም በኋላ፦ ጅማ ላይ ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ከተማም ሆነ አጋሮ፣ ሰቃም ሆነ ዴዶ፣ አረብ አገር የሄደ ሰው የማያውቅ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። ነገሩን ለምደነዋል። ከመልመዳችን የተነሳም በሰው የመነገድ ወንጀል መሃላችን እየተፈጸመ «ዕድሏ ነው» ብለን እናልፋለን። ዕድሏ አይደለም። ከኋላው ገንዘብ የሚቀበል ሰው አለ። የዚያን ሰው ሥራ የምናቀልለት ደግሞ ብዙ ጊዜ እኛው ነን፦ ቤተሰብ፣ ጎረቤት፣ መምህር፣ የቀበሌ ሠራተኛ። በየሰፈሩ ከማያቸው ስህተቶች ዋና ዋናዎቹን ልጻፍ።

ደላላውን ከሩቅ መጠበቅ

ደላላ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ማንም የማያውቀው ሰው ነው። ልጆቻችንንም «የማታውቁትን ሰው አትመኑ» እንላቸዋለን። ግን የመጀመሪያው ደላላ የሚታወቅ ሰው ነው። የአክስት ልጅ ነው። ሠርግ ላይ አብራን ሽንኩርት የከተፈች ሴት ናት። ሪያድ ኖራ የተመለሰች፣ አለባበሷ ያማረ የሰፈር ልጅ ናት። የቤተሰቡን እምነት ይዞ የሚመጣው እሱ ወይም እሷ ናት። ከዚያ ልጅቷን መናኸሪያ አካባቢ ለሚጠብቅ ሰው ያቀብሏታል። እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ላለው። ያኛው ድንበር ላይ ላለው ወይም ወዲያ ማዶ ለሚቀበላት። እያንዳንዱ የሚያውቀው ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሰው ብቻ ነው። የልጅቷ ድምጿ ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው «እኔ ለእገሌ ነው ያስረከብኳት፣ ከዚያ በኋላ አላውቅም» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ኮሚሽኑን ግን ተቀብሏል።

ስለዚህ ልጆችን «እነ እገሌን ፍሩ» ከማለት «እንዲህ ስትባሉ ጠርጥሩ» ማለት ይሻላል። ሁለት ነገር ሁሌም አለ፤ ጥድፊያና ምስጢር። «ቪዛው ሊያልፍበት ነው፣ ዛሬውኑ ወስኚ።» «ለማንም አትንገሪ፣ ምቀኛ ያደናቅፍሻል።» ይህች ሁለተኛዋ በጣም ተንኮለኛ ናት። ምቀኛን የማይፈራ ቤተሰብ የለምና እናትም ትቀበላታለች፣ ልጅም ትቀበላታለች። በዚያው የሚመክር ዘመድ፣ ወረቀቱን የሚያነብ መምህር፣ «እስቲ ስሙን ንገሪኝ» የሚል ጎረቤት ሁሉ ከመንገዱ ይወገዳል። እውነተኛ ሥራ ተደብቆ አይሄድም። ምቀኛም የውል ወረቀት አይቀድድም።

«በአውሮፕላን ነው የምትሄደው» ብሎ መረጋጋት

በእግር፣ በሞያሌ ወይም በመተማ በኩል የሄደ ብቻ አደጋ ላይ የወደቀ ይመስለናል። በቦሌ ወጥተው፣ በዑምራ ወይም በጉብኝት ቪዛ ሄደው፣ እዚያ ሲደርሱ ፓስፖርታቸውን ተነጥቀው ያለ ደሞዝ የሠሩ ብዙ ናቸው። አውሮፕላን የሕጋዊነት ማረጋገጫ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ «ውጭ አገር ሄዶ መሥራት በሙሉ ክልክል ነው» የሚል አለ። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. የሥራ ጉዞን አግዶ ነበር። ያን ጊዜ ሳውዲ አረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችንን በጥቂት ወራት ውስጥ መልሳ ነበር። እገዳው የተነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሰው መሄዱን አላቆመም። ደላላው ዋጋውን ጨመረ፣ መንገዱ ይበልጥ ከፋ።

አሁን ሕጋዊ መንገድ አለ። ፈቃድ ባለው ኤጀንሲ በኩል፣ የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር፣ 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ሕጉ የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ወጪውን በአሠሪው ላይ ይጥላል። ሠራተኛዋ የምትከፍለው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የብቃት ምዘና ያሉትን ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ ቤተሰብ ከብዙ ጉድ ይድናል። አንድ ሰው መጥቶ «ለቪዛው ይህን ያህል አምጡ» ካለ፣ ጀንፈል ቡናችሁን ወደ ገበያ ከማውጣታችሁ በፊት ሥራና ክህሎት ቢሮ ሂዱና የኤጀንሲውን ስም ጠይቁ። «አሁን ምንም አትክፈሉ፣ ደርሳ ከደሞዟ ትከፍላለች» ካለም ያው ነው። ያ ዕዳ እዚያ የሚያስራት ገመድ ነው።

ዕድሜ መጨመር

የ15 ዓመት ልጅ በቀበሌ መታወቂያ ላይ 21 ትሆናለች። አባት ይስማማል፣ ምስክር ይቆማል፣ ማህተም ይመታል። ሁሉም የረዳት ይመስለዋል። ግን ወረቀቱ ላይ አዋቂ የሆነች ልጅ ለሕፃን የሚደረገውን ጥበቃ ሁሉ ታጣለች። ለሕፃን ሕጉ በጣም ግልጽ ነው፤ ለብዝበዛ ከተመለመለች፣ መታለሏን ወይም መገደዷን ማስረዳት ሳያስፈልግ ወንጀል ነው። ዕድሜዋን የጨመረው ሰው ይህን መከላከያዋን ነው የነጠቃት። የቀበሌ ሠራተኞች ይህን ስታነቡ፣ ያቺ ማህተም ቀላል አይደለችም።

«ራሷ ፈልጋ ነው የሄደችው»

ይህን አባባል ፖሊስ ጣቢያም፣ ለቅሶ ቤትም፣ መስጊድ ደጅም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅም ሰምቼዋለሁ። እውነት ነው፣ ብዙዎቹ ፈልገው ነው የሄዱት። የፈለጉት ግን የተነገራቸውን ሥራ ነው። ሦስት ሰው ያለበት ቤት ተብላ አሥራ ሁለት ሰው ያለበት ቤት መግባትን አልፈለገችም። ስልኳ መወሰዱን፣ በር መቆለፉን አልፈለገችም። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግሯን በመጠቀም የተገኘን ፈቃድ እንደ ፈቃድ አይቆጥረውም። ተጎጂዋ በደረሰባት ነገር ምክንያት ለፈጸመችው ጥፋት እንዳትከሰስም ይከላከላል። ካሳ የመጠየቅ መብትም አላት።

«ታዲያ ለምን ጥላ አልወጣችም?» የሚልም አለ። በሳውዲም በሊባኖስም የመኖሪያ ፈቃዷ «ከፊል» ከሚባለው ከስፖንሰሯ፣ ማለትም ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ከቤቱ ስትወጣ ሕገወጥ ልትሆን ትችላለች። መንገድ ላይ የሚይዛት ፖሊስ የሚያየው ተበዳይን ሳይሆን «የጠፋች ሠራተኛ» ነው።

ተማሪዎችን በአስከሬን ፎቶ ማስፈራራት

ትምህርት ቤት ሄዶ የሰመጠ ጀልባና የተገረፈ ጀርባ ማሳየት ግንዛቤ መፍጠር አይደለም። ልጆቹ ያን ሁሉ በስልካቸው አይተውታል። ከዚያ አዳራሽ ወጥተው የሚያዩት ደግሞ ከሳውዲ በተላከ ብር የተሠራውን የጎረቤት ቆርቆሮ ቤት ነው። ቤቱ ይበልጣል። «እኔ አይደርስብኝም» ይላሉ፣ ወጣት ናቸውና።

የሚጠቅማቸው የሚይዙት ነገር ነው። የፓስፖርትና የውል ቅጂ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ የምታምኑት ሰው ስልክ ላይ። የኤምባሲውን ወይም የቆንስላውን ስልክ ቁጥር በቃል ያዙ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚወሰደው ስልክ ነው። አሠሪ አጠገባችሁ ቆሞ በኢሞ ስታወሩ በምትጠቀሙበት የምስጢር ቃል ከእናታችሁ ጋር ተስማሙ። ለምሳሌ «አያቴን ሰላም በሉልኝ» ካላችሁ ችግር ላይ ናችሁ ማለት ይሁን። ይህን ያወቀች ልጅ ብትቀርም ብትሄድም ይጠቅማታል።

ወደ ውጭ ብቻ ማየት

ጅማ ራሷ መድረሻ ናት። ከዳውሮ፣ ከከፋ፣ ከየም በኩል መጥተው በየቤታችን የሚሠሩ ትናንሽ ልጆች አሉ። ትማራለች ተብላ መጥታ ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ደሞዟ «እኔ ጋ ይጠራቀምላታል» የተባለላት፣ ሐሙስ ገበያ እንኳ ለብቻዋ የማትሄድ ልጅ አለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ደግሞ ለሌላ ደንብ ይተወዋል። ደንብ ኖረ አልኖረ፣ በራሳችሁ ማዕድ ቤት ያለችውን ልጅ ዛሬ ልትጠይቋት ትችላላችሁ። እናቷን መቼ አነጋገረች? ደሞዟ የት ነው? በስማችን እያስቀመጥን ከሆነ በስሟ ደብተር እንክፈትላት።

ስልኩ ሲደወል መደበቅ

ከሊቢያ ወይም ከየመን የማስለቀቂያ ገንዘብ የተጠየቀ ቤተሰብን ለምን ከፈላችሁ ብዬ አልወቅስም። ልጁ ሲደበደብ እያሰሙት ማን ይከራከራል? ስህተቱ ማስረጃውን ማጥፋት ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚሁ አገር ባለ የባንክ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ስም አለው። ደረሰኙን አትጣሉ፣ የተደወለበትን ቁጥርና ሰዓት ጻፉ፣ የድምፅ መልእክቱን አታጥፉ፣ ለፖሊስም አሳውቁ።

ስትመለስ «ምን ይዛ መጣች?» ማለት

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ፣ ብዙ የምንጎዳት እዚህ ነውና።

አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከመጣች ቀናት ቢሆናት ነው። ጎረቤት ተሰብስቧል፣ ቡና ተፈልቷል። አቦሉ ላይ «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» ተባለች። ቶናው ላይ «ስንት ዓመት ሆነሽ? ቤቱን ጀመራችሁ?» ተባለች። አንዷ «የእገሊት ልጅ እንኳ በሁለት ዓመቷ ለወንድሟ ባጃጅ ገዛች» አለች። ልጅቷ የቀኝ እጇን እጅጌ ደጋግማ ወደ ታች ትጎትታለች። የእጅ አንጓዋ ላይ የተቃጠለ ጠባሳ ነበር፣ የካውያ ጫፍ ቅርጽ ያለው። እናቷ «መንገዱ ደክሟት ነው» ብላ ወደ ውስጥ አስገባቻት። በረካ ላይ አልነበረችም። ክፉ ሰው እዚያ ቤት አልነበረም፤ የሚወዷት ሴቶች ናቸው። ግን ሁሉም ጥያቄ ስለ ገንዘብ ነበር።

«ተደፍረሽ ነበር?» ብሎ መጠየቅም ያው ነው። ይህን የምትናገረው በራሷ ጊዜ፣ ራሷ ለመረጠችው ሰው ነው። ቪዲዮ ቀርጾ ለእርዳታ ማሰባሰቢያ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። ገንዘቡ ይሰበሰብ ይሆናል፤ ፊቷ ግን እዚያው ይቀራል፣ ሊያገባት የሚመጣው ሰውም ያየዋል። ቶሎ እንድታገባ ማጣደፍም መድኃኒት አይደለም።

ሌሊት የምትጮህ፣ ሰው የምትሸሽ፣ ምግብ የምትተው ከሆነ ጸበልም ሆነ ዱዓ ይሁንላት፣ ግን ሐኪምም ይያት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለ። ለዚህ ሩቅ መሄድ የማያስፈልግበት ከተማ ውስጥ ነን። «እብድ ትባላለች» ብሎ መደበቅ ሕመሟን ሥር እንዲሰድ ያደርገዋል።

ገንዘቡም ቢሆን መነሳት አለበት፣ ግን በሌላ በኩል። የላከችው ብር የት ነው? ብዙ ጊዜ ወንድም ሒሳብ ውስጥ ገብቶ አልቋል። ልጅቷ ባዶ እጇን ስትመጣ እንደ ጥፋተኛ የምትታየው እሷ ናት። ሂሳቡን ቤተሰቡ ሊያወራርድላት ይገባል። ለቪዛ ያበደረ ዘመድም ጥቂት ይታገሥ። ዕዳው ከጨነቃት ያው ደላላ ተመልሶ ይመጣል፣ እሷም ትሄዳለች።

ወንዶቹን ደግሞ ጭራሽ የሚጠይቃቸው የለም። በየመን በረሃ ታግቶ የተመለሰ ጎረምሳ «ወንድ ልጅ ይችለዋል» ተብሎ ቀን ሙሉ በርጫ ላይ ይቀመጣል። እሱም ታካሚ ነው።

ሳይጠይቁ መርዳት

ሁሉም ተመላሽ ጸጉር ሥራ ወይም ስፌት ይማር የሚባልበት ጊዜ ነበር፣ አሁንም አለ። አንድ ሰፈር ስንት ጸጉር ቤት ይችላል? አረብኛ የምትናገር፣ አረጋዊ የተንከባከበች፣ ትልቅ ቤት ያስተዳደረች ሴት ሙያ ይዛ ነው የመጣችው። ምን መሥራት እንደምትፈልግ ጠይቋት። መጀመሪያ ሁለት ወር መተኛት እፈልጋለሁ ብትል ደግሞ ትተኛ።

ጉዳዩን በሽማግሌ መዝጋት

ጃርሱማ፣ ማለትም የሽማግሌ እርቅ፣ ጅማ ውስጥ ብዙ ጠብ አብርዷል፣ አከብረዋለሁ። እዚህ ግን ይጎዳል። የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጅቷ ተጎድታ ትመለሳለች። ቤተሰቡ እከሳለሁ ይላል። ደላላው ዘመድ ነውና ሽማግሌ ይልካል። ከቪዛው ገንዘብ ግማሹን ይመልሳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ ይመረቃል። ቤተሰቡም ዕዳ ስላለበት ይቀበላል። ምስክር ከዚያ በኋላ አይገኝም። በቀጣዩ ቡና ለቀማ ማግስት ያው ሰው ሌላ ቤት ተቀምጦ ሌላ ልጅ ያነጋግራል።

በሰው መነገድ በግለሰቦች እርቅ የሚዘጋ ጉዳይ አይደለም፣ የወንጀል ጉዳይ ነው። ሽማግሌዎች ገንዘቡን ማስመለስ ይችላሉ፤ ክሱን ግን አያስቁሙ። ጣቢያ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ገንዘብ የተቀበለውን ሰው ስም፣ የተቀበለበትን ቦታና ቀን፣ ማን እንዳየ፣ የባንክ ደረሰኙን፣ የስልክ መልእክቱን፣ የሐኪም ወረቀቱን ያዙ። ልጅቷ ደላላው ፊት ለፊት ተቀምጣ ቃል እንዳትሰጥ ጠይቁ፣ ሴት ፖሊስ ካለች እሷ ትቀበላት። የሴቶች ጉዳይ ቢሮም አብሯችሁ ሰው እንዲልክ ማመልከት ትችላላችሁ። ቃሏን ለመስጠት ያልተዘጋጀች ከሆነም አታስገድዷት፤ ወረቀቶቹን ግን ዛሬ ሰብስባችሁ አስቀምጡላት።