ለስጦታ የሚሆን ቢላ እንዴት ይመረጣል?

የዘመድ አዝማድ ቢላ ሲደነዝ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። መሳል ሙያዬ ሆኖ አይደለም፤ የመሳያ ድንጋይም ትዕግሥትም ስላለኝ ነው። በዚህ ምክንያት በስጦታ የተሰጠ ቢላ ከዓመታት በኋላ ምን መልክ እንደሚይዝ ከሰጪውም ከተቀባዩም ይልቅ እኔ አውቃለሁ። በእንጨት ማቆሚያ ተሰክቶ የሚሸጠው ባለ ብዙ ቢላ ስብስብ ቤቴ ሲገባ የማየው ሁልጊዜ ያንኑ ነው። ትልቁ ቢላ ስለቱ ተሸራርፎ፣ ትንሹም እጀታው ወይቦ ይመጣሉ፤ የተቀሩት ግን ከፋብሪካ በወጡበት ዕለት እንደነበሩ ያብረቀርቃሉ።

ስለዚህ ስብስብ አትግዙ። ለስብስቡ ያሰባችሁትን ገንዘብ በአንድ ትልቅ ቢላ ላይ አውሉት። የሚተርፍ ካለ ለመላጥ የሚሆን ትንሽ ቢላና ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላ ጨምሩበት። ከሦስቱ ውጪ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ቦታ ከመያዝ አያልፍም። ሰጪ ሳጥኑ ሲገዝፍ ፍቅሩም የገዘፈ ይመስለዋል፤ ተቀባዩ ግን ሽንኩርቱን የሚከትፈው በአንድ ቢላ ነው።

ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ግን የሰውየውን ማድ ቤት ማየት አለባችሁ። ስጦታው እንዳይነቃባችሁ ከፈለጋችሁ ምግብ በሚሠራበት ሰዓት ሄዳችሁ «ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍ» በሉ። ማንም እምቢ አይላችሁም። እየከተፋችሁ ዓይናችሁን ጣሉ። ከቢላዎቹ ሁሉ እጀታው በብዛት የተነካካው የትኛው ነው? መክተፊያው እንጨት ነው ወይስ መስታወት? ቢላው ሲታጠብ ወዲያው ይደረቃል ወይስ ከሳህን ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ይገባል? የሚቀመጠውስ ከማንኪያና ሹካ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተደባልቆ ነው? ሰውየው ግራኝ መሆኑንም ልብ በሉ። ይህን ያየ ሰው ከሻጩ ንግግር ይልቅ በዓይኑ ያየውን ይዞ ይገዛል።

ርዝመቱን በተመለከተ ለብዙ ሰው 20 ሴንቲ ሜትር ስለት ይስማማል። እጁ ትንሽ ለሆነ ወይም መክተፊያው ጠባብ ለሆነ ሰው ከ16 እስከ 18 የሚደርሰው ይሻላል። የአከታተፉም ነገር አለ። አንዳንዱ የቢላውን ጫፍ ከመክተፊያው ሳያነሣ በእጀታው በኩል ያለውን ከፍ ዝቅ እያደረገ ይከትፋል፤ ለእሱ ስለቱ ወደ ጫፉ ጎበጥ ያለው ይመቸዋል። ሌላው ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይጫናል፤ ለእሱ ጃፓኖች ሳንቶኩ የሚሉት፣ ስለቱ ለጥ ያለው ዓይነት ተስማሚ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቢላውን በመስታወት ውስጥ አይታችሁ አትግዙ፤ ያዙት። አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን ከእጀታው ወጣ አድርጋችሁ የስለቱን ጎንና ጎን ቆንጥጡ፤ ብዙ የሚከትፍ ሰው አያያዝ እንዲህ ነው። የቢላው ጀርባ ጣታችሁን ከቆረቆራችሁ አሠራሩ ችላ ተብሏል ማለት ነው። ከዚያ ስለቱን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉት። የጣቶቻችሁ መገጣጠሚያ ጠረጴዛውን ከነካ ስለቱ ጠባብ ነውና ተዉት።

አሁን ደግሞ እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። በአንዳንድ ቢላ ላይ ስለቱና እጀታው በሚጋጠሙበት ቦታ ወፍራም ብረት አለ፤ ይህ ብረት እስከ ስለቱ ታች ከወረደ ቢላው ግርማ ያገኛል፣ ሻጩም ያንን እያሳየ ያሞግሰዋል። ለመሳል ግን መከራ ነው። ስለቱ በተሳለ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይበላል፤ ወፍራሙ ብረት ግን ካልተሞረደ በቀር እንዳለ ይቀራል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መክተፊያውን ቀድሞ የሚነካው ያ ብረት ይሆንና ከፊቱ ያለው ስለት ተንጠልጥሎ ይቀራል። የከተፋችሁት ሽንኩርት በአንድ በኩል ሳይቆረጥ ተያይዞ ሲነሣ የምታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስለቱ እስከ መጨረሻው ነጻ የሆነውን ምረጡ።

ስለቱ የተሠራበት የብረት ዓይነት ብዙ ገዢን ያደናግራል፤ ነገሩ ግን ያን ያህል አይከብድም። የማይዝግ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። በአውሮፓ ቢላዎች ላይ በብዛት የሚጻፈው ኤክስ 50 ሲአርኤምኦቪ 15 (X50CrMoV15) የሚባለው ብረት ግማሽ በመቶ ያህል ካርቦንና 15 በመቶ ያህል ክሮሚየም ያለበት ነው፤ ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ (ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይጠነክራል) 56 አካባቢ ይሆናል። ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች ከ60 በላይ ይሄዳሉ። ጠንካራው ስለቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ ሲጣመም፣ አጥንት ሲመታ ወይም በረዶ የሆነ ነገር ሲቆርጥ ግን ይሸረፋል። ለስላሳው ቶሎ ይደንዛል፤ ቶሎም ይሳላል። ቢላውን ልጅም እንግዳም ለሚያነሣበት ቤት ለስላሳውን ስጡ። ጠንካራው ማንም ቢላውን እንዲነካበት ለማይፈልግ ሰው ይሁን። ክሮሚየም የሌለበት የካርቦን ብረት እጅግ ይሰላል፤ እርጥብ ከተተወ ግን ይዝጋል፤ ወዲያው ወዲያው የማይወለውል ሰው እጅ ውስጥ አይግባ።

በስለቱ ላይ እንደ ውኃ ሞገድ የሚታየው የደማስቆ ጌጥ ያምራል። በዛሬዎቹ ቢላዎች ላይ ግን የሚቆርጠው በመካከል ያለው ብረት ነው፤ ሞገዱ የውጪው ንብርብር መልክ ነው። በርካሹ ላይማ ንብርብርም የለ፣ ጌጡ ከላይ የተቀረጸ ብቻ ነው። ስጦታ ነውና ለውበት መክፈል ነውር የለበትም፤ ብቻ ለምን እንደከፈላችሁ እወቁ። «ተቀጥቅጦ የተሠራ» የሚለውም ብዙ አያስጨንቃችሁ። ቪክቶሪኖክስ የተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ የፕላስቲክ እጀታ ቢላዎች ከብረት ዝርግ ተቆርጠው የሚሠሩ ናቸው፤ ሆኖም ቀኑን ሙሉ የሚቆርጡ ባለሙያዎች ይዘዋቸው ታገኛላችሁ። «የጀርመን ብረት» የሚል ጽሑፍ ቢላው ጀርመን ተሠራ ማለት አይደለም። «ሶሊንገን» የሚለው ስም ግን በጀርመን ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በዚያች ከተማ አካባቢ ያልተሠራ ቢላ ሊይዘው አይገባም።

ለግራኝ ስትገዙ የዳቦውን ቢላ ጥርስ ከሁለቱም ጎን ተመልከቱ። በአብዛኛው የሚሞረደው በአንድ በኩል ብቻ፣ ለቀኝ እጅ ተብሎ ነው፤ በግራ እጅ ሲቆረጥበት ዳቦው እየጠመመ ይሄዳል። መቀስም ያው ነው፤ ለግራኝ የተሠራ መቀስ አለና ፈልጉለት።

ቢላ ብቻውን አይሰጥም። አብሮት መክተፊያ ይሂድ፤ እንጨት ወይም ፕላስቲክ፣ ቢቻል 30 በ45 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው። የመስታወትና የድንጋይ መክተፊያ ስለትን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ማን ፈልስፎ ለስጦታ እንዳበቃው አይገባኝም። ቢላ የሚፋተግበት ረጅሙ የብረት ዘንግ ጎንበስ ያለውን ስለት ያቃናል እንጂ የደነዘውን አያድንም፤ ጠንካራውን የጃፓን ቢላ ደግሞ ሊሸርፍ ይችላል። መሳል ለሚወድ ሰው የሻካራነት ቁጥሩ 1000 የሆነ የመሳያ ድንጋይ ይበቃዋል። ለማይወደው ድንጋዩን መስጠት ሸክም ማሸከም ነው። እኔ ለእንዲህ ያለው ሰው ሳጥኑ ውስጥ ወረቀት አኖራለሁ፤ «ሲደነዝ አምጣው፣ እስልልሃለሁ» ይላል። ከቢላው ይልቅ በወረቀቱ የሚደሰቱ አሉ።

ቢላ የማይሆንለት ሰው ካለ ሌላም የሥራ ዕቃ አለ። እስከ 5 ኪሎ የሚይዝና በ1 ግራም የሚቆጥር የማድ ቤት ሚዛን ጥሩ ስጦታ ነው፤ ባትሪው በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ይሁን። ለሁለት ተለያይቶ የሚታጠብ መቀስም እንዲሁ። መጥበሻ ከመግዛታችሁ በፊት ምድጃቸው ኢንዳክሽን (በማግኔት ኃይል መጥበሻውን ራሱን የሚያሞቅ) መሆኑን አጣሩ፤ ከሆነ ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመጥበሻው ታች ካልተጣበቀ አይሠራላቸውም። 26 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀልጦ በቅርጽ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ መጥበሻ ከ2 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል፣ እጃቸውን ለሚያማቸው እናት ወይም አያት አትስጡት። ፔርሙዝ ከሆነ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ የሚታጠብ መሆኑን ሱቁ ውስጥ ፈትታችሁ እዩ። የመፍቻና የጠመንጃ መፍቻ ሳጥንም የቢላ ስብስብ ሕግ ይሠራበታል፤ ጥቂትና ጠንካራ ይሁን።

ለመጠቅለል ሰገባ ያለውን ምረጡ፤ ከሌለው ስለቱን በወፍራም ካርቶን አጥፋችሁ በፕላስተር እሰሩት፤ ወረቀቱን የሚቀደው ልጅ ሊሆን ይችላል። በአውሮፕላን የምትወስዱት ከሆነ ወደ ዕቃ መጫኛው በሚገባው ሻንጣ እንጂ በእጅ ሻንጣ አይሁን። ስም ለማስቀረጽ አትቸኩሉ፤ የተቀረጸበትን ቢላ ሱቁ አይመልስላችሁም። ደረሰኙን ሳጥኑ ሥር አኑሩና ሰውየው አንድ ሳምንት ከትፎበት እጄ ለመደው ሲላችሁ ቅርጹን ያኔ ታሠሩለታላችሁ።