ቪኞ ቬርዴ ስትገዙ መጀመሪያ ዓመቱን እዩ

የፖርቹጋሉን ነጭ ወይን ቪኞ ቬርዴን የምትገዙ ከሆነ ከዋጋው በፊት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የምርት ዓመት ተመልከቱ። አብዛኛው እንዲቆይ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ሲጠጣ ነው የሚጥመው። ዓመት ያልተጻፈበትም አለ፤ እሱን ዕቃው ቶሎ ቶሎ ከሚያልቅበት ሱቅ ካልሆነ እኔ አልገዛም።

በስፔን ድንበር አጠገብ ከሞንሳውና ከሜልጋሱ አካባቢ የሚመጣው፣ አልቫሪኞ ከተባለው የወይን ዝርያ የሚሠራው ቪኞ ቬርዴ ግን ለየት ይላል። አፍ ላይ ሞላ ይላል፣ አልኮሉም ከፍ ያለ ነው፤ ጥሩ ከሆነ ጥቂት ዓመታት ቢቆይም አይጎዳም።

ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቀዝቅዙት። ከዚያ በላይ ከቀዘቀዘ ሽታው ይጠፋል፤ የሎሚውና የአረንጓዴ ፖሙ፣ ሎሬይሮ ከተባለው የወይን ዝርያ ከሆነ ደግሞ የአበባው ሽታ። ምላስ ላይ ቆንጠጥ ቢያደርጋችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት። ብዙ ጊዜ ሲታሸግ የሚጨመርበት ትንሽ ጋዝ ነው።

ከምግብ ጋር ምርጫዬ በደረቅ ጨው የተጠበሰ ሳርዲን ነው። የዓሣው ቅባት አፍ ላይ ሲቀር የወይኑ ኮምጣጣነት ያጥበዋል፤ ፖርቹጋሎችም በበጋ የሚወዱት ጥምረት ነው። ድንችና ብዙ የወይራ ዘይት ላለበት ባካልያው፣ ማለትም በጨው ለደረቀው ኮድ ዓሣ፣ ቀለል ያለው ወይን አቅም ያንሰዋል፤ አልቫሪኞውን ክፈቱ። ከኬክ ጋር ግን አታቅርቡት፣ ሆምጣጤ ይመስላል።